«እግረ መንገዳችንን እንክፈታቸው» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። የጠበበ የእግር ደም ቅዳ (ደም ከልብ የሚያደርስ ቧንቧ) ውስጥ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ እንከፍታለን የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ፤ ፈጣን አልትራሳውንድ፣ «እግርዎን ሊያጡ ይችላሉ»፣ ከዚያ የነገ ቀጠሮ።

አንድ ታካሚ አሉ፤ ሲራመዱ ባታቸውን ይጨመድዳቸዋል፣ ሲቆሙ ይለቃቸዋል። ቁስል የለም፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመምም የለም። የፈረሙት ለጭናቸው ደም ቅዳ ብቻ ነው። ብሽሽታቸው ተወግቶ፣ ቱቦው ገብቶ፣ የጭኑ ከተከፈተ በኋላ ሐኪሙ ስክሪኑን አዞረና «ከጉልበት በታች ካሉት ሦስት ደም ቅዳዎች ሁለቱ ዝግ ናቸው፤ እግረ መንገዳችንን እንክፈታቸው» አላቸው። ማስታገሻ ተሰጥቷቸው በጀርባቸው የተኙ ሰው ምን ይበሉ? «ከልጆቼ ልማከር» ቢሉ ነርሷ «አባባ፣ ሐኪሙ እርስዎ ነዎት?» ብላ ሳቀችባቸው። ዝም አሉ፤ ዝምታቸው እንደ ፈቃድ ተቆጠረ።

ሦስተኛዋ እኮ ክፍት ነበረች! ቁስል ለሌለው እግር፣ እስከ ውስጥ እግር ደም የምታደርስ አንዲት ደህና ደም ቅዳ አብዛኛውን ጊዜ ትበቃለች። እነዚህ ቧንቧዎች ስፋታቸው ከ2 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ግድግዳቸው በካልሲየም ከደረቀ ፊኛው ሲወጣ መልሰው ይጠባሉ፣ የውስጥ ሽፋናቸው ይሰነጠቃል፤ በደንብ የተከፈቱትም ቢሆኑ ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ይጠባሉ። ፊኛውን የሚመራው ቀጭን ሽቦ ሲገባና ሲወጣ ቧንቧዎቹ ከሚለያዩበት መገንጠያ ላይ የተነሳ የረጋ ደም ወርዶ ያችኑ ክፍት የነበረችውን ዘጋት። ሲራመዱ ብቻ ያማቸው የነበሩ ሰው ዛሬ ተኝተውም ያማቸዋል። ሒሳቡ ግን በየቧንቧው ተደምሮ መጣ።

የሚያበግነኝ ደግሞ የቁርጭምጭሚታቸውና የክንዳቸው የደም ግፊት እንኳ ተለክቶ አልተነጻጸረም። የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ተካፍሎ ውጤቱ ከ0.90 በታች ከሆነ መጥበብ አለ፤ ከ1.40 በላይ ከሆነ፣ በስኳር ሕመምተኞች እንደሚታየው፣ ቧንቧው ስለደረቀ የእግር አውራ ጣት ግፊት መለካት አለበት። በክትትል መራመድም አልተሞከረም፦ በሳምንት ቢያንስ 3 ጊዜ፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት፣ ባቱ እስኪያም እየሄዱ፣ እያረፉ፣ እንደገና እየሄዱ። ከስታቲን (የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒት) እና ሲጋራ ከማቆም ጋር መቅደም የነበረበት ይኼ ነው።

የማይድን ቁስል፣ የጠቆረ ጣት ወይም ተኝቶም የማይተው ሕመም ያለበት ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ለእሱ ከጉልበት በታች መክፈት እግር ያድናል፣ አይዘግይ። ሌሎቻችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የትኛው ቧንቧ እንደሚነካና የትኛው እንደማይነካ በጽሑፍ አስፍሩ። ከሕክምናው በኋላ እግር በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ ወይም ከደነዘዘ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱ።