ጂኦኖር ኤች-60 በሰሜን ሸዋ ጥቁር አፈር ላይ፦ የእጅ ቬን መለኪያ ግምገማ

ከደብረ ብርሃን እስከ እነዋሪ ባለው ደጋ መሠረት የሚያወጣ ሰው ከጥቁር አፈር ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ወለሉ ሲጋለጥ፣ ይህ ጭቃ ምን ያህል ይሸከማል ለሚለው ጥያቄ እዚያው መልስ የሚሰጥ መሣሪያ የኖርዌዩ ጂኦኖር ኤች-60 ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን ወቅቱን ካልጠበቁለት ያሳስታል።

አራት ክንፍ ያለው ቬን በዘንግ ጫፍ ተገጥሞ አፈሩ ውስጥ ይገፋል። እጀታው ሲዞር ስፕሪንጉ ይጠመዘዛል፤ ክንፎቹ አፈሩን ሲቆርጡት ከፍተኛው ንባብ ስኬሉ ላይ ይቀራል። ሦስት ቬኖች አሉት። ስኬሉ የተሠራው ለመካከለኛው፣ ለ20 በ40 ሚሊ ሜትሩ ሲሆን የአፈሩን የመቆረጥ ጥንካሬ እስከ 130 ኪሎ ፓስካል (የጫና መለኪያ) ያነባል። በ16 በ32ቱ ከተለካ ንባቡ በ2 ይባዛል፤ በ25.4 በ50.8ቱ ከተለካ ለ2 ይካፈላል። የቬኑ መጠን መዝገብ ላይ ካልተጻፈ ስህተቱ እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል።

ሲለኩ ስኬሉን ዜሮ ላይ ያድርጉ፤ ቬኑን ሳይመቱና ሳያዞሩ ቀጥ አድርገው፣ በእግር ከተረገጠው ንጣፍ በታች ይግፉት። ከዚያ በዝግታና በእኩል ፍጥነት ያዙሩ። በችኮላ የተዞረ ቬን አፈሩን ከእውነቱ በላይ ጠንካራ ያስመስለዋል። ንባቡን ከያዙ በኋላ ቢያንስ 10 ጊዜ ፈጥነው አዙረው እንደገና ይለኩ፤ በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት አፈሩ በኤክስካቫተር ሲታመስ ምን ያህል እንደሚዳከም ይናገራል። በመቀጠያ ዘንግ ወደ ታች ሲወረድ ጭቃው ዘንጉንም ይይዛል። ስለዚህ ቬን የሌለው ዘንግ አጠገቡ እስከዚያው ጥልቀት ገፍተው ያዙሩና ያንን ንባብ ይቀንሱ።

ትልቁ ችግር በጋ ነው። ከኅዳር በኋላ አፈሩ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቬኑ ወይ አይገባም፣ ወይ ክረምት ሲመጣ የማይገኝ ጥንካሬ ያነባል። ትክክለኛው ጊዜ አፈሩ ውኃ የጠገበበት ነሐሴና የመስከረም መጀመሪያ ነው። ጠጠር የነካ ቬንም ቁጥሩን ያንራልና አንዱ ንባብ ከጎረቤቶቹ ነጥሎ ከዘለለ ትንሽ ራቅ ብሎ መድገም ነው።

ንባቡ በቀጥታ ለዲዛይን አይውልም። የኖርዌዩ የአፈር መሐንዲስ ብዬሩም በ1972 (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው ማስተካከያ መሠረት የፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ (አፈሩ እንደ ሊጥ የሚታሽበት የእርጥበት ስፋት) 50 የሆነ አፈር ንባቡ በ0.78 ገደማ ይባዛል። 40 ኪሎ ፓስካል የተነበበበት ወለል ወደ 31 ይወርዳል፤ በመሸከም አቅም ቁጥሩ በ5.14 ተባዝቶ ለደህንነት ለ3 ሲካፈል የሚፈቀደው ጫና 53 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው።

አፈር ላይ ተጭኖ የሚያነበው ትንሹ የኪስ ፔኔትሮሜትር ይረክሳል፣ ግን ጫፉ 6.35 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የሚነካው አፈር እጅግ ትንሽ ነው። ደግሞም የሚያነበው ያልታቀፈ የመጨመቅ ጥንካሬን (ጎኑ ሳይደገፍ የተጨመቀ አፈር የሚችለውን) ስለሆነ፣ የመቆረጥ ጥንካሬውን ለማግኘት ለሁለት መካፈል አለበት፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋል። ዘንግን በባለ 8 ኪሎ መዶሻ እየመታ ወደ አፈር የሚያስገባው ዲሲፒ ለመንገድ ሥራ ጥሩ ነው፤ እንዲህ ባለ ለስላሳ ጭቃ ግን በራሱ ክብደት ሊሰምጥ ይችላል።

ኤች-60 ጨርሶ የማይነግርዎት የአፈሩን ማበጥ ነው። ጥቁር አፈር ላይ ግድግዳ የሚሰነጥቀው ብዙ ጊዜ የጥንካሬ ማነስ ሳይሆን በክረምት ማበጥ፣ በበጋ መኮማተር ነው። ለዚያ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ሄዶ የፍሪ ስዌል (አፈሩ በውኃ ምን ያህል እንደሚያብጥ) እና የአተርበርግ (አፈሩ በየትኛው እርጥበት እንደሚለሰልስና እንደሚፈስ) ምርመራ ይደረግለት። በየሳይቱ የመሠረት ወለል ለሚፈትሽ ኮንትራክተር ወይም አማካሪ መሣሪያው ይገዛ፤ አንድ ቤት ለሚሠራ ሰው ግን መሣሪያውን ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ይበቃል።