በጓንጁ ለሚገኙ ወጌሻና የኩንግ ፉ መምህር የቀረበ ምስጋና

በደቡብ ቻይና በጓንጁ ከተማ፣ ሊዋን በሚባለው የድሮ ሰፈር የሚሠሩ አንድ አዛውንት የባህል ሐኪም ለትከሻዬ ላደረጉልኝ ሕክምና ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰበት ወገን ካለም ወደ እሳቸው እንዲሄድ ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ፣ ተማሪዎቻቸው እንደሚጠሯቸው «ሲፉ» (መምህር ማለት ነው) እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቦንዳ ተሸክሜ ከመጋዘን ደረጃ ስወርድ ወድቄ ቀኝ ትከሻዬ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። እብጠቱ ከጎደለ በኋላም ክንዴን ከደረቴ በላይ ማንሳት አቅቶኝ፣ ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት አስቸግሮኝ ሳለ፣ ሻኦበይ በተባለው የጓንጁ ሰፈር የሚነግድ ወዳጄ ወደ ሲፉ ወሰደኝ። ሲፉ ግን ትከሻዬን ከመንካታቸው በፊት ሆስፒታል ሄጄ ራጅ እንድነሣ አዘዙኝ፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ከሆነ ማሸት ጉዳቱን እንደሚያባብሰው፣ የተሰበረውንም የሚያክመው የአጥንት ሐኪም እንደሆነ ነገሩኝ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስድ እንደሆነም ጠየቁኝ፤ ከሚያዝዟቸው ዕፅዋት አንዳንዶቹ ከእንዲህ ያለ መድኃኒት ጋር ሲገናኙ ደም እንዲፈስ ሊያደርጉ ይችላሉና። እኔን ያሳመነኝ ይህ ጥንቃቄያቸው ነው፤ ማንኛውም የባህል ሐኪም ሊመዘን የሚገባው በዚህ ይመስለኛል።

ሲፉ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሁንግ ጋር የተባለውን የደቡብ ቻይና ኩንግ ፉ የተማሩ ሲሆን፣ የወጌሻነቱን ሙያ የወረሱትም ከዚያው መምህራቸው ነው። ጓንጁ በምትገኝበት በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ሁለቱ ሙያዎች ከጥንት ጀምሮ አብረው የኖሩ ናቸው፤ በልምምድ የሚወድቅና የሚመታ ተማሪ ያለው መምህር ወለምታና ውልቃት ማከም ግድ ይሆንበት ነበር። ዝነኛው የሁንግ ጋር መምህር ዎንግ ፌይ ሁንግ በዚሁ በጓንጁ ፖ ቺ ላም የተባለ የሕክምና ቤት ነበራቸው፤ በአቅራቢያዋ ባለችው በፎሻን ከተማ ዊንግ ቹን የተባለው ሌላ የኩንግ ፉ ዓይነት መምህር የነበሩት ሌዩንግ ጃንም የመድኃኒት ቤት ባለቤትና ሐኪም ነበሩ። ዛሬ ሙያው በሕግ የሚመራ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የቻይና የባህል ሕክምና ሕግ፣ ከመምህር ሥር ሆነው ሙያውን የተማሩ ሰዎች ቢያንስ ሁለት ሐኪሞች መስክረውላቸው የክፍለ ሀገሩን የተግባር ምዘና ካለፉ ፈቃድ እንዲያገኙ ይፈቅዳል። የሲፉም ፈቃድ የገባ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ስለ አሠራራቸው ትንሽ ልግለጽ። አንድ እጃቸው ክርኔን ደግፎ ይይዛል፤ የሌላው አውራ ጣት ከትከሻዬ አጥንት ሥር ያለውን የተቋጠረ ጡንቻ ይፈልጋል። ጉልበታቸውን አጥፈው፣ እግራቸውን ከፍተው፣ ኩንግ ፉ ሲሠሩ እንደሚቆሙት ዝቅ ብለው ይቆማሉ፤ ትንፋሼን እንዳወጣ ያዝዙኝና ልክ በዚያች ቅጽበት ክንዴን በዝግታ ያዞሩታል። ኃይሉ ከእግራቸውና ከወገባቸው ስለሚመጣ፣ በሰባዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰው እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ ረጅም ጊዜ ይሠራሉ። ይህ ከትግል ጥበቡ የመጣ ችሎታ መሆኑን ያየ ሁሉ ይገነዘበዋል።

ከዚያ በኋላ ዕፅዋት ለወራት የተዘፈዘፉበትን ጥቁር ቡናማ አልኮል ይቀቡኛል። ክዳኑ ሲከፈት የሸተተኝ የቤተ ክርስቲያን ሽታ ነበር፤ ምን እንዳለበት ስጠይቃቸው ከብልቃጥ አውጥተው ያሳዩኝ ዕጣንና ከርቤ ነው። የቻይና ሐኪሞች ሁለቱን ለእብጠትና ለሕመም ሲጠቀሙባቸው ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ ከመተማና ከትግራይ ቆላ የምናወጣው ዕጣንም ወደ ቻይና ይላካል። የአገሬ ዛፍ ሙጫ በእኚህ ሰው እጅ እንደገና ለእኔው ሥጋ መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል ሳስብ ልቤ ተነክቷል። መድኃኒቱ የሚቀባ ብቻ ነው፤ አይጠጣም፣ የተከፈተ ቁስል ላይም አይደረግም።

ቀጫጭን መርፌዎች ቆዳ ላይ የሚሰኩበትን የቻይና ሕክምና (አኩፓንክቸር) እና በብርጭቆ የሚደረግ ዋገምትም አድርገውልኛል። ዋገምቱ ለቀናት የሚቆይ ክብ የደም ምልክት ስለሚተው ያላወቀ ሰው እንዳይደነግጥ።

ከሁሉ በላይ ግን የማመሰግናቸው ተኝቼ የምታከም ሰው ሆኜ እንድቀር ስላልፈቀዱልኝ ነው። ጠዋት ጠዋት በዩዌሹ መናፈሻ ተማሪዎቻቸውን ሲያሠለጥኑ እኔንም ጠርተው፣ ባዱዋንጂን ከሚባሉት ስምንት እንቅስቃሴዎች ሁለት እጅን ወደ ሰማይ የሚያነሣውን የመጀመሪያውን አስተማሩኝ፤ ሕመም በጀመረበት ቦታ ላይ እንዳቆም፣ በማግሥቱ ትንሽ እንዳልፍ እየተቆጣጠሩ። ዛሬ ዕቃ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ በቀኝ እጄ አወርዳለሁ። ጊዜም ሰውነቴም የየራሳቸውን ድርሻ እንዳበረከቱ አውቃለሁ፤ ሲፉም ራሳቸው የሚሉት ይህንኑ ነው። ክንዴ መታዘዝ ሲጀምር ከእንግዲህ መምጣት እንደማያስፈልገኝ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ገንዘብ ለሚፈልግ ሰው ይህን መናገር ቀላል አይደለም።

ወደ እሳቸው የሚሄድ ሰው የራጅ ውጤቱንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይያዝ፣ ሰፋ ያለ ልብስ ይልበስ፣ መርፌ የሚደረግለት ከሆነም ባዶ ሆዱን አይሂድ። ነፍሰ ጡር የሆነች እህት ይህንኑ አስቀድማ ትናገር። ሲፉ የሚናገሩት በአብዛኛው የአካባቢውን ቋንቋ ካንቶንኛን ስለሆነ ቋንቋውን የሚችል ሰው ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ የሚያስተረጉም ያጣ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ጓንጁ እስካለሁ ድረስ አብሬው ለመሄድ ዝግጁ ነኝ።