የዞርንን የራስ ምስል ግድግዳ ላይ ለመስቀል፦ የሸራ ህትመት፣ በእጅ የተቀባ ቅጂ ወይስ ኤቺንግ?

ስዊድናዊው ሠዓሊ አንደርስ ዞርን (1860–1920) ራሱን ደጋግሞ ስሏል። እኔ ልቤ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1896 በዘይት ቀለም በሠራው ላይ ነው፦ እሱ ነጣ ያለ ልብስ ለብሶ፣ ፓሌት (የቀለም መደባለቂያ ሰሌዳ) እና ብሩሽ ይዞ ከፊት ተቀምጧል፤ ሞዴሏ ከኋላ ጨለማው ውስጥ ናት። ዋናው የስቶክሆልም ብሔራዊ ሙዚየም ንብረት ስለሆነ ለእኛ የሚተርፈን ከሦስት አንዱ ነው፦ የሸራ ህትመት፣ በእጅ የተቀባ ቅጂ ወይም ኤቺንግ (መስመሩ በአሲድ ከተቀረጸ የብረት ሰሌዳ ወደ ወረቀት የሚታተም ሥዕል)።

ርካሹ የሸራ ህትመት ነው። ለምስሉ ፋይል ግን ገንዘብ አታውጡ። ሠዓሊው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነው የቅጂ መብቱ አብቅቷል፤ ሙዚየሙም ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ የብዙ ሥራዎቹን ጥራት ያለው ፎቶ በነጻ ለቋል፤ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ። ከዚያ ማተሚያ ቤቱ የጨለማውን ክፍል ብቻ በትንሽ ቁራጭ አትሞ ያሳያችሁ። ሞዴሏ ጥቁር ውስጥ ሰጥማ ከጠፋች አትቀበሉት። መጠኑንም አታሳንሱ፤ ዋናው ከአንድ ሜትር በላይ ቁመት አለው።

በእጅ የተቀባው ቅጂ ብዙ የሚያስወጣውን ያህል ብዙ ያሳስታል። ዞርን በአብዛኛው በአራት ቀለም ይታወቃል፦ ነጭ፣ ቢጫ ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ ደማቅ ቀይና ጥቁር። ሰማያዊ የሚመስለው ቦታ ብዙ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ተደባልቆ የተገኘ ግራጫ ነው። ቀጂው ጥላው ላይ ከቱቦ የወጣ ሰማያዊ ከለቀለቀ በፎቶም ያስታውቃል። እኔ ያዘዝኩት ፊቱ ደህና ነበር፤ ልብሱ ግን ኖራ የተቀባ ግድግዳ መስሎ መጣ። ዞርን በአንድ ሰፊ ብሩሽ ጎትቶ ያለፈውን ሰውየው በቀጭን ብሩሽ ሲነካካ ውሎ አድርቆታል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የፊቱን ሳይሆን የልብሱን ፎቶ በቅርበት ጠይቁ።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ዞርን በመዳብ ሰሌዳ የሚታተሙ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ኤቺንጎች ሠርቷል፤ ከሚስቱ ከኤማ ጋር ራሱን የቀረጸበት የእ.ኤ.አ. 1890ው አንዱ ነው። ቀለም የለውም፤ ትንሽ ነው፤ ግን መስመሩ የራሱ እጅ ነው። ሲገዙ በአጉሊ መነጽር ማየት ነው፦ የነጠብጣብ መረብ ከታየ እንደ መጽሐፍ ሥዕል በማሽን የታተመ እንጂ ኤቺንግ አይደለም። በምስሉ ዙሪያ ሰሌዳው ወረቀቱን ተጭኖ የተወውን ጠርዝም በጣት ዳስሱ። በእርሳስ የተጻፈ ፊርማ ብቻውን አያሳምናችሁ።

እኔ ለቅጂው ያወጣሁትን ገንዘብ ዛሬ ባገኘው ለኤቺንግ ማጠራቀሚያ መነሻ አደርገው ነበር። ቀለሙን የሚወድ ግን ጥሩ ህትመት ይግዛ፤ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ብቻ ያርቀው።