ደሴ ላይ ላፕቶፕ ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ይህን ልጅ አናግሩት

ሰላም የደሴ፣ የኮምቦልቻና የሐይቅ ልጆች። ፒያሳ አካባቢ ያገለገሉ ላፕቶፖችን የሚሸጥና የሚጠግን አንድ ልጅ አለ። ይህን የምጽፈው እሱን ለማመስገን ነው። "ስሜን አታውጪ" ስላለኝ አላወጣም፤ ስልኩን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፣ ፈቅዶልኛል።

የሰርቨርና የኔትወርክ ትምህርት ጀምሬያለሁ። ለልምምዱ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ላፕቶፑ ውስጥ በፕሮግራም የሚከፈት ሌላ ኮምፒውተር፣ የግድ ነው። አንድ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ ሰርቨርና ኡቡንቱ የሚባሉት ሲስተሞች እኩል ተከፍተው እርስ በርስ መገናኘት አለባቸው። ሌላ ሱቅ ስጠይቅ የፕሮሰሰሩን ስም ጠርተው መልሱ "አይ7 ነው፣ ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?" ነበር። እሱ ግን ዋጋ ሳይጠራ "እህቴ፣ ባንዴ ስንት ማሽን ነው የምትከፍቺው?" ብሎ ጀመረ። እኔ ዓይኔ ያረፈው አንዲት ቀጭን፣ የምታምር አይ7 ላይ ነበር፤ የራሱ ዕቃ ናት፣ በመጨረሻ ከገዛሁትም ትወደዳለች። "እሷ ላንቺ አትሆንም" ብሎ ወደ መደርደሪያው መለሳት። እንዲህ የሚያደርግ ነጋዴ ስንቱ ነው?

ምክንያቱን ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ያቺ አይ7 7ኛ ጄኔሬሽን ናት፣ የቀጫጭኖቹ ፕሮሰሰር ስለሆነ ያላት 2 ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ብቻ ነው። እዚያው ጎኗ ያለው 8ኛ ጄኔሬሽን አይ5 ግን 4 ኮር አለው። ስለዚህ "አይ7" የሚለውን ተለጣፊ አይታችሁ ብቻ አትክፈሉ። ከሁሉ የባሰው ራሟ (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ሜሞሪ) ነው፤ 8 ጂቢ ሆኖ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ፣ ነገ ልጨምር ቢሉ የማይጨመር። ዋናው ዊንዶውስ የራሱን ከ3 እስከ 4 ጂቢ ወስዶ፣ ለሰርቨሩ 4 ከተሰጠው ለኡቡንቱ ምን ይተርፋል? አንድ ሌማት እንጀራ ይዞ ሰርግ እንደ መጥራት ነው።

የሰጠኝ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። ወፈር ያለ ነው፣ ስክሪኑም ደብዘዝ ይላል፣ ለፎቶ አይመረጥም። ግን የራም ቦታው 2 ስለሆነ አሁን 16 ጂቢ አስገብቶልኛል፣ እጄ ሲፈታ 32 አደርገዋለሁ። ፋይል የሚቀመጥበትን ኤስኤስዲ ጤንነቱን በፕሮግራም እያሳየኝ ነው ያስረከበኝ። ባትሪው ደግሞ ሁለት ነው፣ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከኋላ የሚነቀል። መብራት ድንገት ሲሄድ ማሽኖቹን በሥርዓት እስክዘጋ ያቆየኛል፤ ሥራ ላይ እያለ በድንገት የጠፋ ቨርቹዋል ማሽን ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።

ከመውጣቴ በፊት ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ገብቶ፣ ለቨርቹዋል ማሽን የሚያስፈልገውን ቨርቹዋላይዜሽን የሚለውን አበራልኝ። ብዙ ላፕቶፕ ላይ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ ሰውም ዕቃው የተበላሸ እየመሰለው ይመልሳል። እናንተም ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ብትነኩ ቨርቹዋላይዜሽኑ መብራት አለመብራቱን ያሳያችኋል፤ ሜሞሪ የሚለው ደግሞ ስንት የራም ስሎት (ቦታ) እንደተያዘ ይናገራል። ሻጩ ይህን ከፍቶ ካላሳያችሁ አትግዙ።

ዋጋ ላይ ድርቅ ይላል፣ እሱን ልንገራችሁ፤ ብዙ አይቀንስም። ግን ከገዛሁ በኋላ የሁለቱ ማሽኖች ኔትወርክ አልገናኝ ብሎኝ ብደውል "አብሽሪ፣ ይዘሽው ነይ" ብሎ ያለ ምንም ክፍያ አስተካከለልኝ። ጀዛከላህ፣ ወንድሜ!

ከኮምቦልቻ የምትመጡ ቀድማችሁ ደውሉለት፤ አርብ በጁምዓ ሰዓት ሱቁ ዝግ ነው።