የተላጠ የመኪና መሪ ማስቀባት ያዋጣል ወይ?

ሶማሌ ተራ አካባቢ ካሉት የመኪና ዲኮር ቤቶች በአንዱ የመሪዬን ቆዳ አስቀባሁ። የቤቱን ስም አልጠራም፣ የምወቅሰውም ነገር ስላለ። ባጭሩ ሥራው ጥሩ ነው፣ አጨራረሱ ላይ ይቀረዋል። ቆዳው ለተቀደደበት ሰው ግን ብር ማባከን ነው።

መኪናዋ ኮሮላ ናት፣ ራይድ እሠራባታለሁ። ቀኑን ሙሉ ግራ እጄ መሪው ላይ ስለሆነ የተላጠውም በግራ በኩል ነበር። ላቡ አለ፣ ፀሐዩ አለ፣ ከኮሮና ወዲህ ደግሞ ሳኒታይዘሩ ተጨመረ። አልኮሉ ሳይደርቅ መሪ ከተያዘ ቆዳው ላይ ያለውን ስስ መከላከያ እየበላው ይሄዳል። ከዚያ ቀለሙ መልቀቅ ይጀምራል።

ከቨር አልብሰህ ተገላገል ያለኝ ብዙ ነው። አይሆንም። ርካሹ ከቨር ይሾልካል፤ አደባባይ ላይ ስታጠመዝዙ መሪው ቆሞ ከቨሩ ብቻውን እጃችሁ ውስጥ ሲዞር ታዩታላችሁ። የጫማ ቀለም የሚቀቡም አሉ። ነጭ ሸሚዝ ለሚለብስ ሰው አይመከርም።

ልጁ ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ከቀለሙ ይልቅ ጊዜ የበላው እጥበቱ ነው። በትንሽ ብሩሽ አረፋውን እያሸ በነጭ ጨርቅ ይጠርጋል፣ ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ይቀይራል፣ እንደገና ጥቁር። ለካ ያ ሁሉ ማብለጭለጭ የዓመታት የእጅ ወዝ ኖሯል! ደህና የመሪ ቆዳ እኮ ደብዘዝ ያለ ነው። ከዚያ በአልኮል ጠረገው፣ የሻከረውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ አለሰለሰ፣ ስንጥቆቹን በመሙያ ደፈነ፣ ክላክሱንና ስፌቱን በፕላስተር ሸፈነ። መሪውን ለመፍታት አለመሞከሩን ወድጄለታለሁ። መሃሉ ላይ ኤርባግ አለ፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅሎ ትንሽ ሳይቆይ የሚነካካ ሰው በፊቱ እየቀለደ ነው።

ቀለሙ ላይ ደግሞ ልጁ ዓይን አለው። የኔ መሪ ጥቁር ይመስላል እንጂ ጥቁር ግራጫ ነው። ጠብታ በጠብታ እየቀላቀለ፣ መሪው ሥር ዓይን የማይደርስበት ቦታ ነካ አድርጎ፣ በፀጉር ማድረቂያ አድርቆ አመሳከረው፣ እርጥቡና የደረቀው አንድ መልክ የላቸውማ። ከዚያ በስፖንጅ ስስ ስስ አድርጎ፣ በየመሃሉ እያደረቀ ደራረበው። በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ የሚለቀልቅ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ፣ ያ ቶሎ ይላጣል።

አሁን ወቀሳው። ከላይ የሚቀባውን የመጨረሻ መከላከያ ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ፣ አድርግልኝ ብለው የለም አለኝና የሚያብረቀርቀውን ቀባው። ከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል፣ በጣም ያናድዳል። በዚያ ላይ «አሁኑኑ መንዳት ትችላለህ» አለኝ። የተቀባ ቆዳ ቢያንስ ማደር አለበት፣ ስለዚህ መኪናዋን እዚያው አሳድሬ በታክሲ ሄድኩ። እስካሁን አልተላጠም። አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ቦታ ግን ትንሽ መሳሳት ጀምሯል፣ ስለዚህ ዘላለማዊ ነገር አትጠብቁ።

ዋጋው አዲስ ቆዳ ለማልበስ ከጠየቁኝ ግማሹን አይሞላም። ፊቱ ብቻ ለተላጠ መሪ ያዋጣል። ስፌቱ ከተፈታ ወይም ቆዳው ከተቀደደ ግን አልብሱት፣ ሲያለብሱም ቆዳውን ሳይቆርጡ ጀርባውን አሳዩኝ በሏቸው። ጨርቅ ከሆነ የተሸጠላችሁ ፕላስቲክ ነው። የበግ ቆዳችን ለጓንት ስም ያለው፣ ለስላሳና ስስ ነው፤ ለመሪ ግን እኔ የከብቱን እመርጣለሁ።

ስትወጡ ደግሞ «ለማሳመሪያ» ብለው የሚያብለጨልጭ ስፕሬይ ያመጡላችኋል። ለዳሽቦርዱ እንደፈለጋችሁ፣ መሪው ላይ ግን ያንሸራትታል፣ እንዳትነኩት።