ሲሲኤንኤ፦ በአንድ ፈተና ወይስ በሁለት?

ኔትወርኪንግ ልማር ብሎ የተነሳ ሰው ብዙ ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ያነሳል። ሲሲኤንኤን፣ ማለትም ሲስኮ የተባለው የኔትወርክ መሣሪያ አምራች የሚሰጠውን ሰርተፍኬት፣ በአንዴ ልፈተን ወይስ ለሁለት ከፍዬ? ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቆየ መጽሐፍ ወይም ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞር ፒዲኤፍ ነው። እዚያ ላይ አይሲኤንዲ 1 እና አይሲኤንዲ 2 የሚባሉ ሁለት ፈተናዎች ተጠቅሰዋል። ቁርጡን ልንገራችሁ፦ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2020 ጀምሮ ሁለቱም የሉም። ዛሬ ሲሲኤንኤ አንድ ፈተና ብቻ ነው፤ ቁጥሩም 200-301።

እንዲያም ሆኖ የድሮውን ሂሳብ ማወቅ ይጠቅማል። ዛሬም "በሁለት ደረጃ ውሰዱት" የሚሉ ሰዎች የሚያወሩት በዚያ ሂሳብ ነውና።

ያኔ በአንዴ ለሚፈተን ሰው 200-125 የሚባል የተጠቃለለ ፈተና ነበረ፤ ዋጋው 325 ዶላር። በሁለት ፈተና የሚወስደው ደግሞ ለእያንዳንዱ 165፣ በድምሩ 330 ያወጣ ነበር። ልዩነቱ 5 ዶላር ብቻ! ትልቁ ልዩነት ሰዓቱ ላይ ነበር። ሁለቱ ፈተናዎች እያንዳንዳቸው 90 ደቂቃ ሲሰጣቸው፣ የተጠቃለለውም 90 ደቂቃ ነበረው። በሁለት ፈተና የወሰደ ሰው የጊዜው እጥፍ ነበረው ማለት ነው። ቢወድቅ የሚያጣው 165 እንጂ 325 አይደለም። የመጀመሪያውን ብቻ ቢያልፍ እንኳ ሲሲኢኤንቲ የሚባል ሰርተፍኬት ይዞ ይወጣል፤ ሦስት ዓመትም ያገለግለው ነበር። በዚያ ዘመን ብትጠይቁኝ ሳላመነታ ሁለቱን እል ነበር። የተጠቃለለው የሚያዋጣው በሥራ ላይ ላለ፣ ራውተርና ስዊች የመሳሰሉ የኔትወርክ መሣሪያዎችን በየቀኑ ለሚነካ ሰው ነበር።

ዛሬ ያለው "ሁለት ፈተና" ግን ሌላ ነገር ነው። ሰዎች ሲሉት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ሲሲኤስቲ ኔትወርኪንግን፣ ቀጥሎ ሲሲኤንኤን መውሰድ ማለታቸው ነው። ሲሲኤስቲ የሲስኮ የመግቢያ ደረጃ ፈተና ነው፤ 50 ደቂቃ ይፈጃል፣ ዋጋው 125 ዶላር ነው። ሲሲኤንኤ 120 ደቂቃና 300 ዶላር ነው። ሁለቱን ደምሩ፦ 425።

ልብ በሉ፣ ሲሲኤስቲን ማለፍ ከሲሲኤንኤ ላይ አንድም ምዕራፍ አይቀንስም። ዋጋውንም አይቀንስም። ሲሲኤንኤ ላይ ስትቀርቡ ከዜሮ ጀምሮ ሁሉንም ትጠየቃላችሁ። ብትወድቁ የምታጡት ያው 300 ነው። ስለዚህ 125 ዶላሩ እንደ ድሮው ለመውደቅ መድን አይሆንም። ከአገር ቤት ለሚከፍል ሰው ደግሞ ዶላር ማግኘቱ ራሱ አንድ ፈተና ነው። ሁለቴ መክፈል ሁለቴ ዶላር ፍለጋ መሄድ ነው።

ታዲያ ሲሲኤስቲ ለማን ይሆናል? የመጀመሪያው ወረቀት ራሱን ችሎ ሥራ የሚያስገኝለት ሰው ካለ ለእሱ። ለምሳሌ ኬብል ለመዘርጋት፣ ዋይፋይ ለመጠገን፣ ሄልፕ ዴስክ ላይ ለመቀመጥ የሚፈልግና ሲቪው ባዶ የሆነ ተማሪ። ትምህርት ቤቱ ወይም አሠሪው ከከፈለለት ደግሞ ምን ገዶት! ከኪሱ የሚከፍል ከሆነ ግን እኔ አልመክርም።

አሜሪካ ያሉ ወገኖች ደግሞ ኔትወርክ ፕላስን መጀመሪያ ያደርጋሉ። ይህ ኮምፕቲያ የተባለ ሌላ ሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅት ፈተና ነው፤ 90 ደቂቃ፣ ቢበዛ 90 ጥያቄ። የሲስኮን ትእዛዞች ሳይሆን የሁሉንም አምራች መሠረታዊ ነገር ይጠይቃል። በአሜሪካ ዋጋው ግን ከሲሲኤንኤው ይበልጣል። ለትንሹ ፈተና ከትልቁ በላይ መክፈል ለእኔ አይዋጥልኝም። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የመከላከያ ኮንትራት ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ገንዘቡን ለሴኩሪቲ ፕላስ፣ ለኮምፕቲያ የደህንነት ፈተና፣ አድርጉት። የሥራ ማስታወቂያዎቹ ላይ ደጋግማችሁ የምታዩት እሱን ነው።

እኔ የምመርጠው ፈተናውን ሳይሆን ጥናቱን ከፋፍሎ መውሰድ ነው። የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ሲሲኤንኤን በሦስት ኮርስ ከፍሎ ያስተምራል። የመጀመሪያው ስለ ኔትወርክ መሠረት፣ ሁለተኛው ስለ ስዊቺንግ (መሣሪያዎችን በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ማገናኘት)፣ ስለ ራውቲንግ (መረጃን ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ ማስተላለፍ) እና ስለ ዋይፋይ፣ ሦስተኛው ስለ ድርጅት ኔትወርክ፣ ደህንነትና አውቶሜሽን (ሥራን በፕሮግራም ማሠራት) ነው። እያንዳንዱ የራሱ ማጠቃለያ ፈተና ስላለው የት እንደቆማችሁ ያሳያችኋል። ኔትወርክን በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራው መለማመጃ፣ ፓኬት ትሬሰር፣ ነፃ ነው፤ ራውተር መግዛት አያስፈልግም። ሦስተኛውን በጥሩ ውጤት ለጨረሰ ተማሪ የፈተናውን ዋጋ የሚቀንስ ቫውቸር የሚገኝበት መንገድም አለ። ከመመዝገባችሁ በፊት አስተማሪያችሁን ጠይቁ።

ጊዜያችሁንም በፈተናው ክብደት ልክ መድቡ። አይፒ ኮኔክቲቪቲ፣ ማለትም ራውቲንግ፣ 25 በመቶ ይይዛል። የኔትወርክ መሠረትና እነ ቪላን (አንዱን ኔትወርክ ለተለያዩ ክፍሎች መለየት) ያሉበት ክፍል እያንዳንዳቸው 20 በመቶ፣ ደህንነት 15፣ አይፒ ሰርቪስና አውቶሜሽን 10፣ 10 ናቸው። አውቶሜሽኑን ፈርታችሁ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለመማር ወራት አታቃጥሉ። ይልቅ ሰብኔቲንግን፣ ማለትም የአይፒ አድራሻዎችን ወደ ትናንሽ ኔትወርኮች መከፋፈልን፣ ያለ ካልኩሌተር በፍጥነት መሥራት ተለማመዱ። በሲስኮ ፈተና ያለፋችሁትን ጥያቄ ተመልሳችሁ ማየት አትችሉምና አንዱ ላይ ስትንገታገቱ ሰዓቱ ይሄዳል። ከወደቃችሁ ደግሞ አምስት ቀን መጠበቅ ግድ ነው።

ዛሬ እውነተኛው የሁለት ፈተና መንገድ ያለው ከሲሲኤንኤ በላይ ባለው የሲስኮ ደረጃ፣ ሲሲኤንፒ ላይ ነው። ለሲሲኤንፒ ኢንተርፕራይዝ ኤንኮር የሚባለው ዋና ፈተና 400 ዶላር፣ እንደ ኤናርሲ ያለው የምርጫ ፈተና 300 ዶላር ነው። እዚህ ፈተናው ለሁለት መለየቱ ትርጉም አለው። አንዱን ስታልፉ ብቻውን የስፔሻሊስት ሰርተፍኬት ይሰጣችኋል። ሦስት ዓመት የሚያገለግለውን ሲሲኤንኤንም ያድስላችኋል። በየትኛውም ቅደም ተከተል መውሰድ ይቻላል፤ እኔ ግን ኤንኮርን አስቀድሙ እላለሁ። ከሲሲኤንፒ በላይ ላለው ሲሲአይኢ ኢንተርፕራይዝ የላብ ፈተና የሚያበቃው የጽሑፍ ፈተናም እሱ ስለሆነ፣ አንድ ክፍያ ለሁለት ይውላል።