ለቆዳ ካንሰር ፓች ልግዛ ወይስ ክሬም?

እዚህ ቨርጂኒያ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ሰሞኑን ስልኩን አውጥቶ «ይቺ ፓች አለቻችሁ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ሥዕሉ ላይ ያለችው ጄሊ የመሰለች፣ ቆዳ ላይ የምትለጠፍ ነገር ናት። ሃይድሮጀል ትባላለች።

ሃይድሮጀል ውኃ አምቆ የሚይዝ የፖሊመር፣ ማለትም እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ረጃጅም ሞለኪውሎች፣ መረብ ነው። መድኃኒቱን መረቡ ውስጥ ከተው እብጠቱ ላይ ሲለጥፉት ቀስ እያለ ይለቀዋል። መድኃኒቱ እዚያው ስለሚሠራ ሌላው ሰውነት ብዙም አይጎዳም። ሐሳቡ በጣም ያምራል፤ እኔም በጉጉት እጠብቀዋለሁ። ግን ለካንሰር የሚሆነው ገና ምርምር ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ የምታገኙት ሃይድሮጀል ለቁስል ወይም ለቃጠሎ ነው። የካንሰር መድኃኒት የለበትም።

ተማሪው ሄመን በቀለ እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆዳ ካንሰር ብሎ የሠራው ሳሙናም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ እዚሁ ቨርጂኒያ ባደገው ልጅ ኮርቻለሁ፤ ሳሙናው ግን የሚሸጥ አይደለም። ውስጡ ያለው ኢሚኪሞድ የሚባል መድኃኒት ግን በክሬም መልክ ከመጣ ቆይቷል።

ስለዚህ ከሚቀቡት ውስጥ ዛሬ ዋናው ምርጫ በሁለት ክሬሞች መካከል ነው፤ ኢሚኪሞድ 5% እና ፍሎሮዩራሲል 5%። ሁለቱም በሐኪም ትእዛዝ ነው የሚወጡት። ኢሚኪሞድ የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ካንሰሩ ላይ ያዘምተዋል። ፍሎሮዩራሲል ደግሞ ሴሎቹ እንዳይባዙ ያደርጋል።

«የትኛው ይሻላል?» ለሚለኝ ሰው መልሴ «የባዮፕሲ ወረቀትህ፣ ማለትም ከቆዳህ ተቆርጦ የተመረመረው ናሙና ውጤት፣ ምን ይላል?» ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተሠርተዋል። ከላይ ከላይ ያለ ቤዛል ሴል ካርሲኖማ (በብዛት የሚታየው የቆዳ ካንሰር ዓይነት) ከነበራቸው ሰዎች፣ ከ5 ዓመት በኋላ ካንሰሩ ያልተመለሰባቸው በኢሚኪሞድ 80.5%፣ በፍሎሮዩራሲል 70% ነበሩ። አክቲኒክ ኬራቶሲስ ላይ፣ ማለትም እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክረው ቅድመ ካንሰር ላይ፣ ነገሩ ተገለበጠ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሻካራው ቢያንስ በሦስት አራተኛ የቀነሰላቸው በፍሎሮዩራሲል 74.7%፣ በኢሚኪሞድ 53.9% ነበሩ። ጎረቤት የዳነበት ክሬም ለእናንተ ሁለተኛ ምርጫ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አጠቃቀማቸውም ይለያያል። ለቤዛል ሴል ኢሚኪሞድ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ6 ሳምንት ይቀባል። ማታ ትንሿን ከረጢት ቀደድ አድርጎ ክሬሙ እስኪጠፋ ማሸት፣ ጠዋት በሳሙና መታጠብ። ፍሎሮዩራሲል በቀን ሁለቴ ነው፤ ለቤዛል ሴል ቢያንስ ከ3 እስከ 6 ሳምንት። ሥራ የሚበዛበት ሰው የጠዋቱን ይረሳዋል። ሁለቱም ቦታውን ያቀላሉ፣ ያቆስላሉ፣ ቅርፊት ያስይዛሉ። የኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ጠቆር ብሎ ሊታይ ይችላል፤ በኋላም የቀለም ለውጥ ሊተው ይችላል። ፍሎሮዩራሲል ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ቤት ውስጥ ውሻ ካለ ደግሞ ቱቦውን ደብቁት፤ ትንሽ እንኳ ከላሰ ሊሞት ይችላል።

ፓች ካልሆነ ለምትሉ፣ አውሮፓ ውስጥ አላኬር የሚባል ፈቃድ ያገኘ ፕላስተር አለ። ለ4 ሰዓት ተለጥፎ ይነሳና ክሊኒክ ውስጥ ቀይ ብርሃን ይበራበታል። አንድ ቀን ያልቃል። ግን ፊትና ራሰ በራ ላይ ለሚወጣ ቀለል ያለ አክቲኒክ ኬራቶሲስ ብቻ ነው እንጂ ለካንሰር አይደለም።

ሜላኖማ በሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ላይ ግን እነዚህን ክሬሞች በራሳችሁ እንዳትሞክሩ። ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች ሜላኖማ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፤ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። አንዲት እናት የልጃቸውን ክሬም ይዘው መጥተው «ለእኔም ጨምሪልኝ» አሉኝ። ጫማቸውን አውልቀው አሳዩኝ፤ አውራ ጣታቸው ጥፍር ሥር ጥቁር መስመር ነበር። ክሬሙን አልሸጥኩላቸውም። እዚያው ቁጭ አድርጌያቸው ለቆዳ ሐኪም ደወልኩ።